ለአነስተኛ ትራክተር የሣር ማጨጃና ጎማ አመራረጥ፦ ድርቆሽ ለማጨድ የትኛው ይሻላል?

የጠባሴዋ ወተት አቅራቢ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በደብረ ብርሃን ዙሪያ 14 የወተት ላሞች አሉኝ፤ የሚመገቡትንም ድርቆሽ ከራሴና ከሁለት ጎረቤቶቼ ከተከራየሁት፣ በድምሩ ወደ 6 ሄክታር ከሚጠጋ መሬት ላይ አሰባስባለሁ። እስካለፈው ዓመት ድረስ አጨዳው በማጭድ ነበር፤ ነገር ግን በጥቅምት አጫጅ እንደ ልብ ስለማይገኝ ሣሩ ቆሞ ይሰነብትና ውርጭ ሲመታው ገለባ ሆኖ ይቀራል። ባለፈው ዓመት ካጨድነው ውስጥ እኩሌታውን ላሞቹ በአፋቸው እያገላበጡ ትተውታል።

በዚህ ምክንያት ዘንድሮ አንድ ያገለገለ ትራክተር ገዛሁ። ሞተሩ 35 የፈረስ ጉልበት አለው፤ አራቱም ጎማ ይስባል፤ ከኋላው ባለ ሦስት ነጥብ ማንሻና በደቂቃ 540 ጊዜ የሚዞር ፒቲኦ (የሞተሩን ጉልበት ወደ ማጨጃው የሚያደርስ መውጫ) ተገጥሞለታል። ቀድሞ የአንድ ሰፊ ግቢ መናፈሻ ይንከባከብ ስለ ነበር፣ አብሮት የመጣው ማጨጃም ጎማውም የመናፈሻ ነው፤ ጎማው ሰፊ ሆኖ ጥርሱ ጥልቀት የለውም፣ ማጨጃውም አጭር ሣር ለመከርከም የተሠራ ነው። በነሐሴ አጋማሽ ወንድሜ ሊሞክረው ከመስኩ ጠርዝ ገባ። ማጨጃው ሃያ እርምጃ ሳይሄድ ታፈነ፤ ቀና አድርገን ስናየው ሣሩ ከቢላዋዎቹ በላይ እንደ ተቦካ ሊጥ ተለጥፏል። ትራክተሩ ሊወጣ ሲልም የጎማው ጥርስ በጭቃ ተሞልቶ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ለስልሶ ስለ ነበር፣ በሁለት ጥማድ በሬ ጎትተን አወጣነው። ጎረቤቶቼ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል።

መሬቱን ልግለጽላችሁ። ሦስት ሄክታር ተኩል ያህሉ ሜዳ የሆነ መስክ ነው፤ አፈሩ መረሬ በመሆኑ እስከ መስከረም መጨረሻ ውኃ ያቁራል፣ ማገጥም በብዛት ይበቅልበታል፣ የፍልፈል ጉብታም አያጣም። አንድ ሄክታር ተኩል የሚሆነው ተዳፋትና ድንጋያማ ነው። ቀሪውን ሲናርና ቬች የሚባለውን የመኖ ጥራጥሬ ቀላቅዬ ዘርቼበታለሁ።

የምጠይቃችሁ፣ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የትኛው ዓይነት ማጨጃ እንደሚስማማ፣ የመናፈሻውን ጎማ በምን ዓይነት ጎማ መተካት እንዳለብኝ፣ ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ ደግሞ የትኛውን ማስቀደም እንደሚሻል ነው። አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

ከሸናንዶዋ ሸለቆ

እህቴ፣ እንኳን ለትራክተር ባለቤትነት አበቃዎት። እኔ የምኖረው በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት ሲሆን 12 ኤከር፣ ማለትም 5 ሄክታር ገደማ የሚሆን መሬት ላይ በጎችና ጥቂት ላሞች አሉኝ። የእኔም ትራክተር ከእርስዎ ጋር ተቀራራቢ ጉልበት ያለው በመሆኑ የማውቀውን ላካፍል።

እኔ የምጠቀመው ከትራክተሩ በስተኋላ የሚታሰረውን፣ ከአንድ ሰፊ የብረት ክዳን ሥር ሁለት ከባድ ቢላዋዎች የሚሽከረከሩበትን ማጨጃ ነው። እዚህ አገር ሰው ሁሉ በአንድ አምራች ስም ቡሽ ሆግ ይለዋል፤ እናንተ ዘንድ ስላሸር ሲሉት ሰምቻለሁ። ጥቅሙ ምንም ነገር የማይበግረው መሆኑ ነው፤ አሮጌ ሣር፣ እሾህ፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ቁጥቋጦ ቢገጥመው ቆርጦ ያልፋል። ድንጋይ ሲመታም ቢላዋው በመገጣጠሚያው ላይ ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ ወይም ለዚሁ ተብሎ የተገጠመው ብሎን ተበጥሶ ካምቢዮውን ከጉዳት ያድነዋል። እዚህ የሚሠራበት ግምት ለእያንዳንዱ 30 ሳንቲ ሜትር የማጨጃ ስፋት 5 የፈረስ ጉልበት በፒቲኦ በኩል ያስፈልጋል የሚል ስለሆነ፣ ለእርስዎ 1.5 ሜትር የሚሰፋው ይበቃል። ስፋቱ ግን የኋላ ጎማዎቹን ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን መሆን አለበት፤ አለዚያ ጎማው ያልታጨደውን ሣር እየረገጠ ይሄዳል።

ስለ ጎማው፣ ሻጮች በሦስት ምልክት ይለዩታል። አር-1 የሚባለው ጥርሱ ጥልቅና ወደ ጎን የተጋደመ የእርሻ ጎማ ነው፤ አር-3 የእርስዎ የመናፈሻው ነው፤ አር-4 ደግሞ ጥርሱ ወፍራም፣ ጎኑ ጠንካራ የሆነ፣ ጫኝ ማሽኖች የሚጠቀሙበት ዓይነት ነው። እኔ አር-4 አለኝ፤ በእሾህ በቀላሉ አይበሳም፣ አስፋልት ላይም ቶሎ አያልቅም። ለተዳፋቱና ለድንጋዩ እሱን እመክራለሁ።

አሮጌ መካኒክ

እህታችን፣ ከቨርጂኒያ የጻፉልን ወንድማችን ስለ ማሽኑ የተናገሩት ትክክል ነው፤ ነገር ግን እሳቸው ሣሩን የሚቆርጡት እዚያው ሊጥሉት ሲሆን፣ እርስዎ የሚቆርጡት ሰብስበው ሊከምሩት ነው። ስላሸር ሣሩን የሚቆርጠው በስለቱ ብቻ ሳይሆን በምቱ ኃይል ጭምር ነው። አገዳውን ይሰነጥቀዋል፣ ደጋግሞ ይከታትፈዋል፣ ከክዳኑም ሥር እያሽከረከረ አፈርና አሮጌ ፍግ ጨምሮ ይበትነዋል። ዋናውን ገንቢ ምግብ የያዘው የማገጥና የቬች ቅጠል ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ይረግፋል። ከዚያ በኋላ በመንሽ ሊያነሡት ሲሞክሩ በእጅዎ የሚቀረው እንጨት እንጨቱ ነው። ዕቃው ለአረምና ለቁጥቋጦ ጥሩ ነው፤ ለድርቆሽ ግን አይሆንም። በሚሽከረከር ዘንግ ላይ በርካታ ትናንሽ ቢላዋዎች የተንጠለጠሉበት ማጨጃም የባሰ ስለሚፈጨው በዚያው ይለፍ።

ለድርቆሽ የሚሆኑት ሁለት ናቸው ብዬ አምናለሁ። አንደኛው እኛ መቀስ የምንለው ነው። ከትራክተሩ በስተቀኝ ወደ ጎን የሚዘረጋ፣ ርዝመቱ ከ1.5 እስከ 1.8 ሜትር የሚደርስ አሞሌ ሲሆን፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ቢላዋዎች በሪቬት የተመቱበት ዘንግ በብረት ጣቶች መካከል ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ሣሩን ከግርጌው አንድ ጊዜ ብቻ ቆርጦ እንደ ቆመ ወደ ኋላ ያጋድመዋል፤ ልክ ጥሩ አጫጅ በማጭድ እንዳጋደመው ነው። ጉልበት በጣም ጥቂት ይበቃዋል፤ 10 የፈረስ ጉልበት እንኳ አይጨርስም። ጉድለቱ ፍጥነት የሌለው መሆኑና ጥንቃቄ መፈለጉ ነው። በነፋስ የተጋደመ እርጥብ ሣር ሲገጥመው ይታፈናል፤ የፍልፈል ጉብታ ሲገባበት ደግሞ አፈሩ ጣቶቹ መካከል ይጠቀጠቅና ስለቱን በአንድ ቀን ያደነዝዘዋል።

ሁለተኛው ባለ ከበሮ ማጨጃ ነው። ሁለት ቀጥ ብለው የቆሙ ከበሮዎች እርስ በርስ ተቃራኒ ይዞራሉ፤ ከሥራቸው ያሉት ትናንሽ ቢላዋዎች ሣሩን ቆርጠው በመካከላቸው ያሳልፉትና አንድ መስመር አድርገው ያስቀምጡታል። የተጋደመ ሣር አያግደውም፣ የፍልፈል አፈርም ያን ያህል አያስቸግረውም፣ ፍጥነቱም ከመቀሱ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ከባድ ነው፤ ትንሹ እንኳ ወደ 300 ኪሎ ይጠጋል፤ ክብደቱም በአንድ ጎን ስለሚንጠለጠል አነስተኛ ትራክተርን በተዳፋት ላይ ያስፈራል።

የእርስዎን መሬት እንደ ነገሩን ከሆነ እኔ መቀሱን እመርጣለሁ፤ 6 ሄክታር ያን ያህል ፍጥነት አይጠይቅም። የፍልፈሉን ጉብታ ደግሞ በበጋ፣ አፈሩ በደረቀበት ጊዜ በአካፋ በትነው ያደላድሉት፤ በአጨዳም ወቅት አሞሌውን ከመሬት ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት። ሰዎች ዝቅ ባለ ቁጥር ብዙ ድርቆሽ የሚገኝ ይመስላቸዋል፤ ከታች ያለው ግን አገዳና አፈር ነው፣ ሣሩም መልሶ ለማቆጥቆጥ ይዘገያል።

በጎማው ጉዳይ አር-4ን አልደግፍም። ጥርሱ ሰፊ ስለሆነ መረሬ ላይ ከመናፈሻው ጎማ ብዙም አይሻልም። ለእርስዎ የሚገባው አር-1 ነው። ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ ግን ማጨጃውን ያስቀድሙ፤ ሜዳው በጥቅምት አጋማሽ ሲጠነክር በያዙት ጎማም መግባት ይችላሉ። ተዳፋቱን ለዘንድሮ ለማጭድ ይተዉት።

ድርቆሽ ነጋዴ ከሱሉልታ

ስለ ትራክተር የማውቀው ጥቂት ነው፤ ስለ ድርቆሽ ግን ልናገር። ገዢ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው እጁን ወደ ክምሩ ሆድ አስገብቶ አንድ ጭብጥ ማውጣት ነው። ያሸተዋል፣ ያሻሸዋል፣ ከዚያ ወደ ላይ ብድግ አድርጎ ያራግፈዋል። አቧራ ከወጣ ዋጋው ወዲያው ይወርዳል፤ ከእጁ ላይ አጫጭር ብጥስጣሽ ከረገፈ ደግሞ ጨርሶ ፊቱን ያዞራል፤ ምክንያቱም በመኪና ሲጫንም፣ ላም ፊት ሲቀርብም መሬት ላይ የሚቀረው ያ ነው። በዚያ በሚከታትፈው ማሽን የታጨደ ድርቆሽ አንድ ጊዜ ገዝቼ ነበር፤ እኩሌታውን ለጡብ ሠሪዎች ሰጠሁት። ስለዚህ የመካኒኩን ቃል እኔም እደግፋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ማጨጃው ምንም ቢሆን፣ ጤዛው ሳይነሣ አይጀምሩ። በማጭድ ሲሆን በቀን የሚታጨደው ትንሽ ስለሆነ ስሕተቱም ትንሽ ነው፤ ማሽን ግን በግማሽ ቀን አንድ ሄክታር ካጋደመ በኋላ ዝናብ ቢመጣ ሁሉም አንድ ላይ ይጠቁራል። ወንድምዎ በፍጥነቱ ተደስቶ መስኩን በሙሉ በአንድ ቀን እንዳያጋድመው ይምከሩት። በሁለት ቀን ገልብጠው በአራተኛው ቀን ሊሰበስቡት የሚችሉትን ያህል ብቻ ይጨዱ።

ባለ ትራክተር ከአርሲ

በጋሼ መካኒክ ሐሳብ ላይ በማጨጃው እስማማለሁ፤ በቅደም ተከተሉ ግን ልለይ። እኔ ብሆን ጎማውን አስቀድም ነበር። ማጨጃ መከራየት ይቻላል፣ ከጎረቤት መዋስም ይቻላል፤ ጎማ ግን ማንም አያውስዎትም። በዚያ ላይ ሣሩ ከሁሉ የሚጥመው አበባ ሲይዝ፣ በመስከረም ማገባደጃ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ መስኩ ውስጥ መግባት ካልቻሉ ማጨጃው ተሸፍኖ ውርጩን መጠበቅ ነው።

የምነግርዎ ዋና ነገር ግን ስለ አገዛዙ ነው፤ እኔ በራሴ ላይ የደረሰ ስለሆነ። ከአራት ዓመት በፊት የፊት ጎማዎቼ ሲያልቁ አንድ ሻጭ «ይህም ይገባል» ብሎ በመጠን ትንሽ ከፍ የሚሉ ሁለት ጎማዎች ሸጠልኝ። እውነትም ቸርኬው ላይ ገቡ። ነገር ግን አራቱም ጎማ በሚስብ ትራክተር የፊቶቹ ከኋላዎቹ በጥቂቱ፣ ከ1 እስከ 5 በመቶ ገደማ ቀደም ብለው እንዲጎትቱ ተሰልተው የተሠሩ ናቸው። ያ ልክ ሲዛባ ፊትና ኋላ እርስ በርስ ይታገላሉ። እኔ ይህን ያወቅሁት በደረቅ መንገድ ላይ መሪው እየከበደኝ፣ ከሥር የሚያንጓጓ ድምፅ እየሰማሁ ሁለት ወር ከነዳሁ በኋላ፣ የፊት ዲፈረንሻሉ ጥርስ ተልጦ ጋራዥ ስገባ ነው። ከጎማው ዋጋ በላይ ከፈልሁ። ስለዚህ ጎማ ሲቀይሩ አራቱንም በአንድ ጊዜ፣ አምራቹ ለዚያ ሞዴል ባጣመራቸው መጠኖች ይቀይሩ። መጠራጠር ከመጣ ቀላል መለኪያ አለ፦ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው፣ ትራክተሩን ቀጥ ባለ መሬት ላይ አሥር ዙር አስኬደው ርቀቱን በሜትር ይለኩ፤ የፊቱንም የኋላውንም እንዲሁ አድርገው በመመሪያው ካለው ጋር ያስተያዩ።

ያገለገለ ጎማ የሚገዙ ከሆነ ደግሞ ጥርሱን ብቻ አይዩ። በብዙ ጎማ ጎን ላይ አራት አኃዝ ያለው ቁጥር አለ፤ ለምሳሌ 2319 ቢል በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ በፀሐይ የተሰነጣጠቀ ጎማ በደጅ ተቀምጦ የኖረ ነው፤ ከመነዳሪ ቢያስገቡበትም ዕድሜ አይኖረውም። ስንጥቁን ለማየት ጎማው ተነፍቶ ሳለ የጥርሶቹን ሥር በጥፍርዎ ይፈትሹ።

የጠባሴዋ ወተት አቅራቢ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጧት ከወንድሜ ጋር ሆነን ያልነበበውን ሁሉ አነበብን። የኋላው ጎማ ላይ 13.6-16 ይላል፤ የፊቱ ላይ 27×8.50-15 ይላል። በአካባቢያችን ያለ አንድ ጎሚስታ 11.2-24 የሆነ የኋላ የእርሻ ጎማ ሊያመጣልኝ እንደሚችል ነግሮኛል፤ እንዲህ ያለው ከእኔ ቸርኬ ጋር ይገጥማልን? ብየዳ ቤቱ ደግሞ «ቸርኬውን እኛ ቆርጠን እንሠራልዎታለን» ብሎኛል።

ማጨጃን በተመለከተ ሁለት አግኝቻለሁ። አንዱ 1.5 ሜትር የሆነ ያገለገለ መቀስ ነው። ሌላው 1.65 ሜትር የሆነ ባለ ከበሮ ሲሆን አዲስ ሊባል የሚችል ነው፤ ሻጩ «35 የፈረስ ጉልበት ካለሽ ይጎትተዋል» ይላል። እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደ ከበሮው አዘንብሏል፤ የፍልፈሉ ነገር አስፈርቶኛል።

አሮጌ መካኒክ

ቁጥሮቹን ስላመጡ ደስ ብሎኛል፤ አሁን ነገሩ ግልጽ ሆነ። በጎማው ላይ ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር የቸርኬው ዲያሜትር፣ ማለትም የክቡ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በኢንች ነው። የእርስዎ የኋላ ቸርኬ 16 ኢንች ሲሆን፣ የሚመጣልዎ ጎማ 24 ኢንች ቸርኬ ይፈልጋል፤ ስለዚህ አይገጥምም። ከመናፈሻ ጎማ ወደ እርሻ ጎማ የሚሸጋገር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚገዛው ጎማ ብቻ ሳይሆን ከነቸርኬው ነው፤ ይህን ዋጋ ከመጀመሪያው ያስሉት። ለዚያ ሞዴል የተሠራ ያገለገለ ቸርኬ ሲፈልጉ የብሎን ቀዳዳዎቹን ብዛትና ርቀት፣ የመካከሉን ቀዳዳ ስፋትም ለክተው ይሂዱ። ብየዳ ቤቱ ያለውን ግን እንዳይቀበሉ። ቆርጦ የተበየደ ቸርኬ ክቡ አይስተካከልም፤ ጎማ ሲነፋበት ተፈንድቶ ሰው የገደለባቸው ጊዜያት አሉ። ከፊት ያለውንም 15 ኢንች ቸርኬ አብረው ይቀይሩ፤ የአርሲው ወንድማችን ያሉትን ዲፈረንሻል እኔም በእጄ ደጋግሜ ፈትቼዋለሁ።

በቅደም ተከተሉ ግን አሁንም በቃሌ ነኝ። ወንድማችን አር-1 ጎማ በመስከረም መጨረሻ ያስገባል ያሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን መረሬ ትራክተሩን ስላስገባ ብቻ ዝግጁ ነው ማለት አይደለም። ጥርሱ ጥልቅ የሆነ ጎማ ለስላሳ መስክ ላይ ሲዞር ሣሩን ከሥሩ ገልብጦ ይሄዳል፤ ያ ዱካ በሚቀጥለው ክረምት ውኃ ይቋጥራል፣ በሦስተኛው ዓመት ማገጡ ጠፍቶ ግጫ ይበቅልበታል። ቀላል መፈተኛ አለ። በባዶ እግርዎ ወይም በተራ ጫማ ቆመው በአንድ ተረከዝ ላይ ሙሉ ክብደትዎን ያሳርፉ፤ የተረከዝዎ ዱካ ውስጥ ውኃ ካዠ ወይም ዱካው ከሁለት ጣት በላይ ከጠለቀ ማንኛውም ጎማ አይግባ። የኋላ ጎማዎቹን ውኃ ሞልተው እንዲከብዱ የሚመክርዎ ሰው አይጠፋም፤ ለማረሻ ጥሩ ነው፣ ለመስክ ግን አያስፈልግም። ይልቁንም አየሩን ወደ 1 ባር አካባቢ አውርደው ግራና ቀኙን እኩል ያድርጉ፤ ጎማው ሰፋ ብሎ ይረግጣል።

አሁን ወደ ከበሮው። ሻጩ የነገረዎት 35 የሞተሩ ጉልበት ነው፤ በፒቲኦ በኩል የሚወጣው ከዚያ ያነሰ፣ 29 ወይም 30 ይሆናል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ናት። ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የናፍጣ ሞተር በስስ አየር ውስጥ ሲሠራ በግምት በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ይህን ሲያሰሉት በእጅዎ የሚቀረው ወደ 22 የፈረስ ጉልበት ነው። ለ1.65 ሜትር ከበሮ ያ አይበቃም፤ ሲናሩ በበዛበት ቦታ ጥቁር ጭስ እያወጣ ይንተፋተፋል፣ ዙሩም ሲወርድ ከበሮው መቁረጡን ትቶ ማኘክ ይጀምራል። ወደ 1.35 ሜትር የሚጠጋ ከበሮ ቢያገኙ ሌላ ወሬ ነበር፤ ያኔም ቢሆን ከፊት ክብደት ካልታሰረ መሪው ይቀላል። ከጠቅላላው ክብደት ቢያንስ አንድ አምስተኛው በፊት ጎማዎች ላይ ማረፍ አለበት።

መቀሱን ሊገዙ ሲሄዱ ቀለሙን አይመልከቱ። የቢላዋውን ዘንግ በእጅዎ ከዳር እስከ ዳር ይግፉት፤ ጫፍ ላይ ደርሶ ሲቆም እያንዳንዱ ባለ ሦስት ማዕዘን ቢላዋ በጣቱ መካከል ልክ መቆም አለበት፤ ከዚያ አልፎ ወይም ጎድሎ ከቆመ ሣሩን ያኝካል። ቀጥሎ የአሞሌውን ውጫዊ ጫፍ ይዘው ወደ ኋላ ይሳቡት፤ ጨዋታው ብዙ ከሆነ መገጣጠሚያው በልቷል። ጫፉ በቆመበት ሳለ ከሥሩ ይልቅ በትንሹ ወደ ፊት የቀደመ፣ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ መሆን አለበት፤ ሥራ ሲጀምር ሣሩ ወደ ኋላ ሲገፋው ያን ጊዜ ቀጥ ይላል። በጫፉ ላይ ደግሞ ዘንበል ያለ ሳንቃ መኖሩን ይዩ፤ እሱ የታጨደውን ወደ ውስጥ ገፍቶ ለሚቀጥለው ዙር የጎማ መሄጃ ይጠርግልዎታል። ብዙ ጊዜ ሻጮች «ትርፍ ነገር ነው» ብለው አውልቀው ይጥሉታል፤ ከሌለ ጎማው ያጨዱትን ድርቆሽ አፈር ላይ ይረግጠዋል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከትራክተሩ ወደ ማጨጃው የሚሄደው የማዞሪያ ዘንግ የፕላስቲክ ሽፋኑ የተሰበረ ከሆነ ክሮቸራውን (የዘንጉን መጋጠሚያ) ከማየትዎ በፊት ሽፋኑን ይግዙ። የደጋ ሰው ጧት ጧት ጋቢ ወይም ነጠላ ለብሶ ነው መስክ የሚወጣው፤ በደቂቃ 540 ጊዜ የሚዞር ዘንግ የጋቢ ጫፍ ካገኘ ሰውየው እጁን ለማንሣት ጊዜ አያገኝም። የታፈነ ሣር ለማውጣትም ቢሆን ሞተሩ ሳይጠፋ ማንም እጁን ወደ አሞሌው አያስጠጋ።

ከሸናንዶዋ ሸለቆ

መካኒኩ ያሉትን ስለ ከፍታው እኔ ጨርሶ አላሰብሁትም ነበር፤ የምኖርበት ሸለቆ ዝቅ ያለ ነው። ድርቆሼንም ለካስ እኔ አላጭድም፣ ከጎረቤት ነው የምገዛው። ስለ ጎማውም ሐሳቤን ቀይሬአለሁ። ለተዳፋቱ ግን አንድ ነገር ልጨምር፦ ትራክተሩ ከወንበሩ በስተኋላ የመገልበጥ መከላከያ የብረት ቅስት ካለው ቀበቶውን ሳያስሩ አይንዱ፤ ከሌለው ተዳፋቱን ጨርሶ ይተዉት። ጎን ለጎን መሄድ የግድ ከሆነም ማጨጃው በዳገቱ በኩል ይሁን።

የጠባሴዋ ወተት አቅራቢ

እንግዲህ መቀሱን ቅዳሜ አያለሁ፤ የመናፈሻውን ማጨጃ ደግሞ ሸጬ ገንዘቡን ለቸርኬ አስቀምጣለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ ልጠይቅ፦ ቢላዋውን የት ላስለው? በአካባቢያችን እንዲህ ያለውን የሚስል አላውቅም።

አሮጌ መካኒክ

ወንድምዎ ራሱ ይሳለው። ዘንጉን ከአሞሌው ሙሉ በሙሉ አውጥቶ በሁለት ድንጋይ ላይ ያጋድመው፣ ቆሻሻውን በናፍጣ ይጠብ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ቢላዋ ከላይኛው ፊቱ ብቻ፣ ቀድሞ በተሳለበት ዘንበልታ በሞረድ ይሳል። የታችኛውን ፊት እንዳይነካው፤ እሱ ጠፍጣፋ ሆኖ ከጣቱ ጋር ካልተጣበቀ መቀስ መሆኑ ይቀራል። በኤሌክትሪክ መሳያ ቢጠቀም ብረቱ ሰማያዊ እስኪሆን እንዳያግለው፤ የጋለ ቢላዋ ስለት አይዝም። የተሸረፈ ካለ ሪቬቱን መትቶ ያንን አንዱን ብቻ ይለውጥ፤ ቅዳሜ ሲገዙት አሥር ያህል ትርፍ ቢላዋና አንድ ጭብጥ ሪቬት እንዲጨምሩልዎ ጠይቁ።